ከምረቃ በፊት ያሉት ወራት፦ ከዓለማያ እስከ ቢዮ አዋሌ

በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የቆየ ተማሪ ቀፊራ ገበያን፣ ከዚራን፣ ሳቢያንን አሳምሮ ያውቃል። በዚያው አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ የሆነችውን ቢዮ አዋሌን ግን ስሟን እንኳ ሳይሰማ ጋውኑን ለብሶ፣ ቆቡን ወርውሮ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሊሄድ ይችላል። የመጨረሻው ሴሚስተር ምን በላው ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፦ የመውጫ ፈተና፣ የጂሲ (የተመራቂ ክፍል) ፕሮግራምና የሥራ ማስታወቂያ ፍለጋ። ተመራቂውን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ መካሪውም ብዙ ነው፤ ጊዜህን ተጠቀምበት፣ ጓደኛ አፍራ፣ ሲቪህን አዘጋጅ ይለዋል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ላየው ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ወራት ፍሬ ያፈሩት ከግቢው አጥር ውጭ ተማሪውን የሚጠብቅ ቦታና ሥራ በነበረ ጊዜ ነው። ያንን ቦታ ያዘጋጅ የነበረው ደግሞ ተቋሙ እንጂ የተማሪው ብልሃት አልነበረም። ቦታው ከካሪኩለሙ ሲወጣ ወራቱን ፈተናና ድግስ ተካፈሏቸው።

ለድሬዳዋ ሰው የዚህ ታሪክ መነሻ ሩቅ አይደለም። ዳገቱን ወጥቶ ደንገጎን ያለፈ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ የቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። ኮሌጁ የተፀነሰው በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት ሲሆን፣ ሥራውን የመራው በኋላ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ነበር። ግቢው በጥር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። አሜሪካኖቹ ይዘውት የመጡት ሐሳብ አገራቸው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1862 የመሬት ስጦታ ሕግ ጀምሮ የዳበረ ነው፦ የእርሻ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ ያገኘውንም ለገበሬው ያደርሳል። ሦስተኛው ሥራ በኢትዮጵያ እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ በኮሌጁ እጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእርሻ ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። አስተዳደራዊ ምክንያት አልጠፋለትም ይሆናል፤ አንድ ሚኒስቴር አገር ሙሉ የሚያዳርሰውን ሥራ አንድ ኮሌጅ ከሐረርጌ ተራራ ላይ ሆኖ ሊሸከመው አይችልም። ነገር ግን ያ ዝውውር አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ሄደ። በዙሪያው ያለው ገበሬ ከዚያ ወዲህ የኮሌጁ ጎረቤት ሆኖ ቀረ፤ የትምህርቱ አካል መሆኑ እየሳሳ ሄደ። እንግዲህ ከግቢ የመውጣቱ ልማድ መመንመን የጀመረው ትናንት በቴሌግራምና በሰልፊ ዘመን አይደለም።

ከዓለማያ ይልቅ ሐሳቡን አጥብቆ የያዘው ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተወለደው ከችግር ነበር፤ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ለየብቻ ካስተማረ በኋላ፣ ወደ ሥልጠናው መጨረሻ በቡድን አዋቅሮ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ምርጫ ነው። ተማሪው ከቤተ ሙከራና ከሆስፒታል አልጋ ያገኘው እውቀት ሞልቶ፣ ዲግሪው ወይም ዲፕሎማው ገና በእጁ ሳይገባ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ባለሙያና እናቶችን የምትከታተለው ነርስ ያሉበት ቡድን ውስጥ ይገባል። ማንም ብቻውን አይሠራም፤ የአንዱ ስንፍና የሌላውን ሥራ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ይህንኑ አስፍቶ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ብሎ የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ አደረገው። የጤና ተማሪዎች ዛሬም ድረስ ቲቲፒ እያሉ የሚጠሩት የቡድን ሥልጠና የዚሁ ዘር ነው። በየዩኒቨርሲቲው ሌላው ዲፓርትመንት ሲለዋወጥ ይህ ልምድ ሳይጠፋ የቆየው ውጤት ስለሚሰጥበትና ካሪኩለሙ ውስጥ ስለገባ ነው። የተማሪ በጎ ፈቃድ ብቻውን እስከዚህ ባላቆየው ነበር።

የጤናው ሐሳብ ሁሉንም ተማሪ የሚያዳርስበት ዘመን የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ 1954 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ አንድ ሙሉ ዓመት ከግቢ ውጭ ሳያገለግል እንዳይመረቅ ደነገገ። ይህ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲባል፣ በተማሪው አፍ ደግሞ ሰርቪስ ተብሎ ቀረ። አብዛኛው ተማሪ የወጣው ከመጨረሻው ዓመት በፊት ሲሆን፣ የተመደበውም በየክፍለ ሀገሩ አስተማሪ አጥተው በነበሩ ትምህርት ቤቶች ነው። ቀሪው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጤና ድርጅቱ፣ በየልማት ፕሮጀክቱ ይሠራ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የነበሩት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን ገና በጀማሪነቱ አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ1966 በአንድ የንጽጽር ትምህርት መጽሔት ጽፈውበታል። ለሌላው ዓለምም አዲስ ነገር ነበርና ዓይን መሳቡ አያስገርምም፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ መላ ተማሪውን የዲግሪ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ትንንሽ ከተሞች ሲልክ ብዙ አልታየም።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለአገሩ ባበረከተው ነው፤ ስንት ክፍል አስተማሪ አገኘ ይባላል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው ተማሪው ወደ ግቢ ሲመለስ የሚሆነው ነው። ሰርቪስ የመጨረሻውን ዓመት ለወጠው። የሦስት ዓመት ንባብ ይዞ የወጣው ወጣት፣ ኩራዝ ስር ሆኖ የሰባተኛ ክፍል ደብተር ሲያርም ከርሞ፣ የጭሰኛን ቤት ገብቶ አይቶ፣ የአውራጃ ገዥን ደጅ ጠንቶ ይመለሳል። መምህሩ ስለ መሬት ሥሪት ሲያወራ እሱም የሚለው ነገር አለው። የካቲት 1957 ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው አደባባይ የወጡት የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና ገጠር ሳሉ ነበር፤ ስለዚህ መፈክሩን ሰርቪስ ወለደው ማለት ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመታት መፈክሩ ከንባብ ብቻ የተቀዳ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ግን በየዓመቱ ከገጠር የሚመለሰው ተማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ማስረጃ ወረቀት ነው። በዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለማግኘት በመጨረሻው ዓመት የጥናት ጽሑፍ ያቀርብ ነበር። እነዚህ ጽሑፎች በታይፕራይተር ተመትተው፣ በካርቶን ልባስ ተጠርዘው፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። የአንዱ ርዕስ የአንድ ከተማ ታሪክ እስከ 1928 ነው፤ የሌላው የአንድ ገዳም መሬት፣ የአንድ ገበያ፣ የአንድ ባላባት ቤተሰብ ታሪክ። ብዙዎቹ ተማሪዎች የጻፉት ስላደጉበት አገር ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ማደሪያ አያጡም፣ ሽማግሌውም የማን ልጅ ነህ ብሎ ጠይቆ ካወቀ በኋላ ያወራቸዋል። የእንግሊዝኛው ሰዋስው አንዳንዴ ይሰናከላል፤ ትንታኔውም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ትንታኔ ነው። ዋናው ሀብት ያለው ግን መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። የሽማግሌው ስም ከነማዕረጉ፣ ዕድሜው፣ የተጠየቀበት ቀንና ቦታ፣ አጠገቡም ስለምን ጉዳይ ጥሩ እንደሚያስታውስ የምትገልጽ አጭር ማስታወሻ ይሰፍራል። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ የጻፉ ታላላቅ ምሁራን፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ጨምሮ፣ በመጻሕፍቶቻቸው ዋቢ ዝርዝር ውስጥ እነዚህን የተመራቂ ጽሑፎች ያስገቡት ሌላ ምንጭ የማይተካቸው ስለሆኑ ነው። አንድ ሰው በመጨረሻዎቹ የዩኒቨርሲቲ ወራቱ የሠራው ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሲጠቀስ ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ፣ የምረቃ መጽሔቱን ዛሬ ፈልጎ ያጣ ያውቀዋል።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሰርቪስ ግዴታ ነበር፤ ግዴታን ውለታ አድርጎ ማቅረብ ከሩቅ ሆኖ የሚያምር ነገር ነው። ተማሪው የሚከፈለው አበል ትንሽ ነበር፤ የሥራው ጥራትም ሰለጠነ በማይባል አስተማሪ እጅ ነበረ። መንግሥት ደግሞ በርካሽ ጉልበት የራሱን ጉድለት ሸፍኖበታል። ከሁሉ የከፋው የተከተለው ነው። ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያውጅ፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተበተኑ። ዘማቹ በየካቲት የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ አስረዳ፣ የገበሬ ማኅበር አደራጀ፣ ፊደል አስቆጠረ፤ በዚያውም ከባለሥልጣንና ከባላባት ጋር ተጋጨ፣ ብዙዎች ከጣቢያቸው ጠፉ፣ የሞቱም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት ወዲያው ቀይ ሽብር መጣ። ከዚህ በኋላ ወላጅ ልጄን ወደ ገጠር ላኩልኝ አይልም፤ ተማሪም ዘመቻ የሚል ቃል ሲሰማ ቢሸሽ ትክክል ነው። ስለዚህ የድሮውን ሰርቪስ እንዳለ ይመለስ የሚል ክርክር እኔ አላነሣም። የማነሣው በሰርቪስና በዘመቻ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በመጀመሪያው የሚልከው ዩኒቨርሲቲው ነበር፤ ሥራው ይታወቃል፣ ዓመቱ ያልቃል፣ ተማሪው ወደ ክፍሉ ተመልሶ ያየውን ያብላላል። በሁለተኛው የላከው መንግሥት ነው፤ መመለሻው አልታወቀም፤ ያየውንም የሚያብላላበት ክፍል ተዘግቶ ነበር።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመጣው መስፋፋት ነገሩን በሌላ አቅጣጫ ለወጠው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ45 በላይ ናቸው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈቱት አንዱ ነው። ልጆቹ ከየክልሉ በምደባ ይመጣሉ፤ አንድ አማካሪ መምህር ብዙ ተማሪ ይከመርበታል። የመመረቂያ ጽሑፉ በቡድን መሠራት ጀመረ። ርዕሱ የደንበኞች እርካታ ይሆናል፤ ቦታውም ለግቢው ቅርብ የሆነ የባንክ ቅርንጫፍ። መጠይቁ ለሠራተኞቹ ይታደላል፣ ቁጥሩ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ ዲፌንሱ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በገንዘብ የሚጽፍም አይታጣም። የድሮው ተማሪ ከዛሬው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች የተሠራ ልማድ በሺዎች ሲባዛ የሚቀረው ቅርፊቱ ነው። ባዶ የቀረውን ጊዜ ጂሲ ሞላው። መቶ ቀን ቀረው ተብሎ ይከበራል፣ የጂሲ ካፕ ኳስ ይደረጋል፣ የቀለም ቀን፣ የባህል ልብስ ቀን፣ ክሬዚ ዴይ ይከተላል፣ ቲሸርት ላይ ይፈራረማሉ፣ መጽሔቱ ላይ ከፎቶው ሥር ላስት ወርድ ይጻፋል።

ጂሲን ማጣጣል የመምህራን የተለመደ በሽታ ነውና እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከጅግጅጋ የመጡ ልጆች በአንድ ዶርም አራት ዓመት ኖረው ሲለያዩ ዳግም የመገናኘታቸው ነገር በእውነት ያጠራጥራል። አገሩ ባለፉት ዓመታት የሆነውን ላሰበ፣ ከሌላ ክልል ልጅ ጋር ቲሸርት መፈራረም ተራ ነገር አይደለም። ወጪው ወላጅን ያስጨንቃል፤ ያም ሆኖ ስንብት የሌለው መለያየት ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ችግሩ ደስታው አይደለም፤ ከደስታው ጎን ለጎን ሌላ የጋራ ሥራ አለመኖሩ ነው። ጎንደር ላይ የቡድን ሥልጠናው ጓደኝነትንም ያበጅ ነበር፤ አብሮ የሠራ ሰው ለመሰናበት የቀለም ዱቄት አያስፈልገውም ባይባልም፣ ቢያንስ የሚያወራው አያጣም።

የእነዚህ የመጨረሻ ወራት ሌላኛው ተካፋይ የመውጫ ፈተናው ነው። ቀድሞ በሕግ ትምህርት ተጀምሮ የነበረው ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥትም በግልም ተቋማት ላሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ተሰጠ። ከ150 ሺህ በላይ ተፈተኑ፤ ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ናቸው። ፈተናውን የሚደግፍ ሰው ከዚህ ቁጥር በላይ ማስረጃ አያሻውም፤ ዲግሪ በወረቀቱ ክብደት ብቻ ይታደል እንደነበር አጋልጧል። ቁጥሩ ግን ከዚህ ሌላ የሚናገረው አለ። ይህን ያህል የሚወድቅበት ፈተና ሲመጣ ተማሪም ዩኒቨርሲቲም የመጨረሻውን ሴሚስተር ለክለሳ ይሰጡታል፤ በምርጫ ጥያቄ የማይለካ ነገር ሁሉ፣ የመስክ ሥራና የመመረቂያ ጽሑፍ ጭምር፣ ትርፍ ይሆናል። የአራት ዓመት ጉድለት በሦስት ወር ጥናት እንዲሞላ መጠበቁ ራሱ ፈተናው ያጋለጠው በሽታ ምልክት ነው። ፈተናው ይቅር አልልም፤ የመጨረሻው ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ቢዮ አዋሌ እንመለስ። ዛሬ ተማሪን ወደዚያ መላክ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ሦስት ምክንያት ያቀርባል፦ ጸጥታ፣ ቋንቋና ሥራ አጥነት። የጸጥታው ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ ሩቅ አገር መላክ በብዙ ቦታ የሚታሰብ አይደለም። ለዚህም ነው ነገሩ በቅርብ መጀመር ያለበት፤ የድሬዳዋ አስተዳደር ሰፊ አይደለም፣ ከግቢው ደርሶ መልስ የማይቻልበት የገጠር ቀበሌ እምብዛም ነው። ቋንቋውን በተመለከተ ምደባው ራሱ መልስ ይሰጣል። በአንድ ቡድን ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚችል አንድ ተማሪ ከተገኘ የቀረው መዝገብ ይይዛል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅልባት ከተማ ናት። የሥራ አጥነቱ ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ ሥራ ላጣ ልጅ የገጠር ጥናት ዳቦ አይሆነውም። ነገር ግን ሁሉም የሚያቀርበው አንድ ዓይነት ሲቪ በሆነበት ገበያ፣ አንድን ቀበሌ ከሥሩ አውቆ የጻፈ ተመራቂ ቢያንስ በቃለ መጠይቅ ላይ የራሱ የሆነ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

የሚጻፈውስ መች ጠፋ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ የድሬዳዋን ሰው የወሰደው ጎርፍ የተሰበሰበው ከከተማዋ በላይ ባለው ተዳፋት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሩን የከፈተው ከዚያ ክረምት በኋላ ነበር። ያ ተዳፋት ከጎርፉ በፊት ምን ዛፍ ነበረው፣ ማሽላው ለጫት ቦታ የለቀቀው መቼ ነው፣ እርከኑን ማን ሠራው፣ ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር የሚለውን የሚያውቀው የገጠሩ ገበሬ ነው። በዚያው አስተዳደር ሥር ያለችው ጀልዴሳ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሳይደርስ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ቀረጥ የሚከፍልባት በር ነበረች፤ የከተማዋ ታሪክ ከጣቢያው ፉጨት ጀምሮ ሲተረክ ከከተማዋ የሚቀድመው ገጠር ይዘለላል። ቀፊራ ላይ ወተትና እንጨት የምትሸጠው ሴት ጠዋት ከየት ተነሥታ እንደመጣች መከተል ብቻ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

እስካሁን ድረስ በአብዛኛው ከተማሪው ወገን ብቻ የተጻፈበት አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ። ስለ ሰርቪስና ስለ ዘመቻ የወጡ ትዝታዎች ብዙ ናቸው፤ የጻፏቸው የሄዱት ናቸው። የተቀበሏቸው ገበሬዎች ስለ እነዚያ ዩኒፎርም የለበሱ፣ የከብቱን ደኅንነት የማይጠይቁ፣ ማታ ማታ የሚከራከሩ ልጆች ምን አሉ? በ1967 የአሥር ዓመት እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ ስልሳውን አልፏል፤ ከእሱ በላይ የነበሩት ደግሞ አብዛኞቹ አልፈዋል። በመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ላይ ስሙን፣ ዕድሜውንና የተጠየቀበትን ቀን ለማስፈር የሚያስፈልገው ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፍ አንድ የትብብር ደብዳቤ፣ የመኪና ነዳጅና ከክለሳው የሚቀነሱ ጥቂት ሳምንታት ናቸው።